የእጅ ጂፒኤስ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ሰኔ እዚሁ ሲያትል የገዛሁት ጂፒኤስ በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ እጅ ውስጥ የሚገባ፣ ስክሪኑም ቀለም የሌለው ርካሽ መሣሪያ ነው። የገዛሁት ከልጄ ጋር ጂኦካሺንግ ለመጫወት ብቻ ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፣ አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ የፊርማ ወረቀት ከትቶ ይደብቅና የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም መገኛውን የሚያመለክተውን ቁጥር፣ በኢንተርኔት ያወጣል፤ ሌላው ቁጥሩን ይዞ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ይፈርማል፣ ዕቃውንም እንደነበረ መልሶ ይሸሽገዋል። ከልጅነታችን ድብብቆሽ የሚለየው ተደባቂው ቆርቆሮ መሆኑ ነው።

ጨዋታው የተጀመረውም ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ኦሪገን ውስጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል ጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ሲያነሣ፣ እስከ 100 ሜትር ይስት የነበረው መሣሪያ በአንድ ሌሊት አስተማማኝ ሆነ፤ በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን አወጣ። ይህን የማነሣው መሣሪያው ዛሬም ቢሆን ቦታውን እንጂ ዕቃውን እንደማያሳይ ለመግለጽ ነው፤ እኔ ይህንን ለመቀበል ወራት ፈጅቶብኛል።

በበጋው ወራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘቤን ያባከንኩ መስሎኝ ነበር፤ ስልኬ ሁሉንም ያደርገው ነበርና። ሐሳቤን የቀየርኩት በዚህ ጥር፣ ሙቀቱ 2 ዲግሪ በነበረበትና ካፊያው ባላቋረጠበት ቅዳሜ፣ ሲዋርድ ፓርክ በሄድንበት ጊዜ ነው። ስልኬ ገና 40 በመቶ እያሳየ በብርዱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊትም ቢሆን አስቸግሮኝ ነበር፤ ጓንት አድርጎ መንካት አይቻልም፣ ጓንቱን ሲያወልቁት ደግሞ ጠብታው ራሱ እንደ ጣት እየነካካ ካርታውን ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ጂፒኤሱ ግን የሚታዘዘው በቁልፍ ስለሆነ፣ በወፍራም የሱፍ ጓንት እንኳ ስጫነው ቀጭ ሲል ይሰማኛል፤ ጭቃ ላይ ሲወድቅም አንሥቼ ከመጥረግ በቀር ምንም አላደረግሁም።

ድክመቱ የታየኝም በዚያው ቀን ነው። መሣሪያው ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የለውም፤ አቅጣጫን የሚለየው አሁን ያለንበትን ቦታ ቀደም ሲል ከነበርንበት ጋር እያነጻጸረ በመሆኑ፣ ስንራመድ ቀስቱ በትክክል ይጠቁማል፣ ስንቆም ግን ግራ ይጋባል። 12 ሜትር ቀርቷል ሲለን ቆምን፤ ቀስቱ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ዞረ፣ ቀጥሎም ወደመጣንበት። «አባዬ፣ ይሄ ነገር አበደ!» አለች ልጄ። በዚያ ላይ የሳተላይቱ ምልክት በትልልቆቹ ዳግላስ ፈር ዛፎች እየተጋረደና እየነጠረ ስለሚመጣ፣ ሜዳ ላይ 3 ሜትር የነበረው የስሕተት ግምት እዚያ 11 ደረሰ። በጨዋታው የምንጠቀምበት ኮኦርዲኔት የመጨረሻ አኃዙ በአንድ ሲለወጥ ቦታው በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ 1.85 ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ይህ ማለት ቁጥሩ እስከ ስድስት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል ማለት ነው፤ የደባቂው መሣሪያ የራሱ ስሕተት ሳይቆጠር።

ጎንበስ ብለን ስንፈልግ፣ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ ያጣፉ አንዲት እናት አማርኛችንን ሰምተው ቆሙ።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው ልጆቼ?»

«ምንም አልጠፋብንም እማማ፣ ሰው የደበቀውን ዕቃ እየፈለግን ነው።»

«የማንን?»

«የማናውቀውን ሰው።»

«በዚህ ብርድ?» አሉና፣ ጥቂት አይተውን፣ በጃንጥላቸው ጫፍ የዛፉን ሥር መነካካት ጀመሩ። ጃንጥላው ፕላስቲክ ሲነካ ድምፁን ሦስታችንም ሰማነው፤ መሣሪያው ካመለከተው ቦታ ሰባት እርምጃ ያህል ርቆ ነበር። ወረቀቱ እርጥበት ስለነካው እስክሪብቶው አልጽፍ ቢለን በእርሳስ ፈረምን፤ እርሳቸውንም አስፈረምናቸው።

ስለ ባትሪው ግን መሣሪያውን ያለ አግባብ ወቅሼዋለሁ። ተሞዪ (ቻርጅ የሚደረጉ) ድንጋዮች ስጠቀም ገና በጠዋቱ «ሊያልቅ ነው» እያለ ያስደነግጠኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ቅንብሩ ላይ የተመረጠው አልካላይን የሚባለው ተራ ድንጋይ ነበር፤ የተሞዪዎቹ ቮልቴጅ 1.2 በመሆኑ እንደተዳከመ አልካላይን ይቆጥራቸዋል። የድንጋዩን ዓይነት ካስተካከልኩ ወዲህ ሙሉ ቀን ያለ ሐሳብ እንውላለን። አልካላይን በብርድ ስለሚደክም፣ ለመጠባበቂያ የምይዘው ሊቲየም ድንጋይ ነው፤ ዋጋው ቢወደድም።

ከተማ መሀል በመንገድ መብራት ሥር ያሉትን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ስልኩ ይበቃዋልና ይህን አይግዛ። በዝናብና በብርድ ጫካ ለሚገባ ግን፣ ትንሽ ጨምሮ ኮምፓስ ያለውን ቢወስድ እመክራለሁ። ሌላው ቅሬታዬ የገመዱ ነው፤ የካሾችን፣ ማለትም የተደበቁትን ዕቃዎች፣ ቁጥር ከኮምፒውተር የሚጭነው ማንም ቤት በማይገኝ በድሮው ዓይነት ሚኒ ዩኤስቢ ሲሆን፣ አብሮት የመጣው በጥቅምት ጠፍቶብኝ አሁን የምጠቀመው ከአሮጌ ካሜራ ሣጥን ባገኘሁት ነው።