ዜድ ወይስ ዚ?

የእንግሊዝኛውን ፊደል Z እኛ ትምህርት ቤት «ዜድ» ብለን ተማርን። ልጆቻችን ከካርቱን «ዚ»ን ይዘው መጡ፤ ጭራሽ እኛኑ ያርሙናል!

ዜድ ከግሪኩ «ዜታ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። እንግሊዞች ዛሬም አልለቀቁትም። ዚ የአሜሪካኖች ነው፤ ከቢ፣ ከሲና ከዲ ጋር ቤት ይመታል። በ1835 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ የታተመውን የኤቢሲ መዝሙር በዜድ ስትዘምሩት ቤቱ ይሰበራል። ለዘፈን ዚ ይሻላል፣ አልከራከርም።

ስልክ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ስም በፊደል ስታስጽፉ «ዚ» ያላችሁት «ሲ» ተብሎ ይሰማል። ዘነበች በሲ ስትጀምር አስቡት! ዜድ ከማንም ጋር አይምታታም። ስለዚህ እኔ የዜድ ወገን ነኝ።

ራፐሩን ግን «ጄይ-ዜድ» ብዬ አልጠራውም፣ ልጆቹ ይስቁብኛል።