በካውንቲያችን የእርሻ ትርዒት ላይ የሚሸጠው የፎር ኤች ቶምቦላ

ሜሪላንድ ውስጥ በምንኖርበት ካውንቲ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በሚካሄደው የእርሻ ትርዒት፣ አንድ የፎር ኤች (4-H፣ ልጆችን እርሻና ሌላም ሙያ በተግባር የሚያስተምር ፕሮግራም) ክለብ ለወጣት አባላቱ ገቢ ለማሰባሰብ የቶምቦላ ቲኬት ይሸጣል። ዘንድሮ ከልጆቼ ጋር ሄጄ ገዝቻለሁ፤ ዕጣው ባይወጣልኝም፣ ገንዘቡ የሚውልበትን ሥራ እዚያው በዓይኔ ስላየሁ በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ ሁሉ እንድትገዙ እመክራለሁ።

ፎር ኤች መነሻው በ1902 ኦሃዮ ውስጥ የተቋቋመ የገጠር ልጆች ክለብ ነው። በ1914 በወጣው የስሚዝ ሊቨር ሕግ የግብርና ኤክስቴንሽን በየግዛቱ ሲደራጅ እሱም በዚያው ሥር ገባ፤ በእኛ ግዛት የሚመራው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ነው። አባል ለመሆን የገበሬ ልጅ መሆን አያስፈልግም፤ ይህን ብዙዎቻችን ስለማናውቅ ልጆቻችንን ሳናስመዘግብ እንቀራለን።

ቲኬቱን የሸጠችልኝ ልጅ የቆመችው ከራሷ ፍየል በረት አጠገብ ነበር። ልጆቼ ስለ ፍየሏ ሲጠይቋት አንድ ደብተር አውጥታ አሳየቻቸው፤ የመኖው ዋጋ፣ የክትባቱ ቀንና እንስሳዋ በየጊዜው ስትመዘን ያመጣችው ክብደት በእርሳስ ተጽፎበታል። በዚህ ዕድሜ ወጪና ገቢን እንዲህ መዝግቦ መያዝ የሚያስተምር ፕሮግራም የምንችለውን ያህል ሊደገፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የአንዱ ቲኬት ዋጋ 5 ዶላር ሲሆን፣ 20 ዶላር ለከፈለ አምስት ይሰጠዋል። ስምና ስልክ የተጻፈበት ግማሽ ተቀዶ የሽቦ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ባለቁጥሩ ግማሽ ገዢው እጅ ይቀራል። ዕጣው የሚወጣው በመዝጊያው ቀን በሕዝብ ፊት ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር በድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ ስለሚነበብ፣ በአወጣጡ ላይ የምነቅፈው ነገር የለም። አሸናፊው ካልተገኘም ይደወልለታል።

ቅሬታዬ በሽልማቶቹ ላይ ነው። አንደኛው ዕጣ የግማሽ በሬ ሥጋ ከነማቀዝቀዣው፣ ሁለተኛው ደግሞ የአሳማ ሥጋ ነበር። ወቅቱ ፍልሰታ ስለሆነ ጾመኛው እንኳን ሊበላው ሊያስበውም አይፈልግም፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላም ቢሆን የአሳማው ሥጋ ለእኛ አይሆንም፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ሐላል ያልሆነ ሥጋ ቢወጣላቸው ምንም አያደርጉበትም። ለበዓል በግና ፍየል ለመግዛት ወደ አካባቢው እርሻዎች የሚጎርፈውን ሐበሻ አዘጋጆቹ ቢያስቡት፣ በሥጋው ፋንታ ከነሕይወቷ የምትሰጥ ፍየል ወይም የገበያ ካርድ አማራጭ ቢያደርጉ፣ የሚሸጡት ቲኬት ብዙ ይጨምር ነበር። ይህንኑ ለሻጮቹ ነግሬያቸው በደስታ ተቀብለውኛል።

ሌላው የጎደለው ሒሳቡ ነው። ገቢው ለመኖ መግዣና ለልጆቹ የበጋ ካምፕ እንደሚውል በቃል ተነግሮናል፤ ሆኖም ባለፈው ዓመት ስንት ተሰብስቦ በምን በምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቢለጠፍ ገዢው ይበልጥ ይተማመን ነበር።

በመጨረሻም፣ የቶምቦላ ቲኬት በፌዴራል የታክስ ሕግ እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ ተቆጥሮ ተቀናሽ አይሆንም። ተቀናሹን የምትፈልጉ ቲኬቱን ትታችሁ ለክለቡ በቀጥታ ለግሱና ደረሰኝ ተቀበሉ።