ማሰቃየት ወይስ አግባብቶ መጠየቅ?

ከ2001 (እ.ኤ.አ.) የሽብር ጥቃት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የተነሳው ይህ ክርክር ዛሬም አልበረደም። በአልቃይዳ አባልነት ተጠርጥሮ በተያዘው በአቡ ዙበይዳ ላይ ሁለቱም ተሞክረዋል።

መረጃ፦ በ2002 ቆስሎ ሲያዝ የአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) መርማሪዎች እያስታመሙ አናገሩት። የጥቃቱ አቀናባሪ ኻሊድ ሼክ መሐመድ መሆኑን የነገራቸው ያኔ ነው። በኋላ የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ በኦገስት ወር ብቻ 83 ጊዜ ፊቱ ላይ ውኃ እያፈሰሰ አፈነው። የአሜሪካ ሴኔት የ2014 ሪፖርት እንደሚለው፣ የተፈለገው የአዲስ ጥቃት መረጃ አልተገኘም።

ጊዜ፦ ማግባባት ትዕግሥትና ቋንቋ አዋቂ መርማሪ ይጠይቃል። የማሰቃየት ደጋፊዎች "ቦምቡ ሊፈነዳ ሰዓት ቢቀረውስ?" ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ነው። ግን የሚሰቃይ ሰው የውሸት አድራሻ ቢሰጥ ያችው ሰዓት ትባክናለች።

አደጋ፦ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። አሜሪካ ይዛ ለግብፅ የሰጠችው ሊቢያዊው እስረኛ ኢብን አልሼክ አልሊቢ ግብፅ ውስጥ ሲሰቃይ፣ ኢራቅ ለአልቃይዳ የኬሚካል መሣሪያ ሥልጠና ሰጥታለች አለ። በኋላ ቃሉን አጠፈ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮሊን ፓወል ግን በ2003 ለተመድ አቅርቦት ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ። ተግባብቶ የሚያወራም ሊዋሽ ይችላል፤ ስቃይ እንዲቆምለት ብሎ ግን አይቀባጥርም።

ወጪ፦ የማሰቃያ ዘዴውን የነደፉት ሰዎች ኩባንያ 81 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል።

ለማን ይሆናል? እውነቱን አውቆ ፍርድ ቤት ማቅረብ ለሚፈልግ፣ ማግባባት። ማሰቃየት የሚመቸው መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ፊርማ ብቻ ለቀረው መንግሥት ነው።