«ኢትዮጵያ ምስራቅ አፍሪካ አይደለች እንዴ?» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ውስጥ «ልጆች ዩጋንዳ፣ ካምፓላ ዩኒቨርሲቲ እንልካለን» የሚሉትን የደላላ ቢሮዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ጋውን የለበሱ ልጆች ፎቶና የአፍሪካ ካርታ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ደረጃው ድረስ ሰልፍ። የዛሬዎቹ 48,000 ብር በልተው አሰናብተውናል። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ተንኮሉ ያለው የክፍያ ሠንጠረዡ ላይ ነው። ዩጋንዳ ውስጥ የውጭ ተማሪን ሁሉ በአንድ ዋጋ የማያስከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ አባል አገራት ተማሪ አንድ ዋጋ፣ ለቀረው የውጭ ተማሪ ከፍ ያለ ሌላ ዋጋ ይጽፋሉ። የማህበረሰቡ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ቀጣናውን የጋራ የከፍተኛ ትምህርት አካባቢ ብለው አውጀዋል፤ ሐሳቡ የአንዱ አባል አገር ተማሪ ሌላው ዘንድ እንደ አገሬው እንዲከፍል ነው። ደላሎቹ እዚህ ድረስ ያለውን በእውነት ይነግሯችኋል። የሚዘሉት የአባላቱን ስም ነው፦ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎና ሶማሊያ። ኢትዮጵያ የለችበትም! ኢጋድ የሚባለው ሌላው የቀጣናው አገራት ድርጅት ውስጥ መሆናችን ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ቤት ምኑም አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን የቢሮው ሠራተኛ ልጅ ሠንጠረዡን ዘርግታ ረከስ ያለውን ዋጋ አሳየችን። ካርታው ላይ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ካምፓላ እየጠቆመች «ኢትዮጵያ ምስራቅ አፍሪካ አይደለች እንዴ?» አለች። ጂኦግራፊ ነዋ፣ ምን ይባላል? አውራ ጣቷ የዓምዱን ርዕስ ሸፍኖት ነበር። ጣትሽን አንሺ ያላት የለም። 8,000 ብር ፋይል መክፈቻ ተከፈለ፤ አድሚሽኑ (የዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤ) መጣ ሲሉ 40,000 ተጨመረ፣ እሱም በግለሰብ ሒሳብ።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤውን ከኢንቮይሱ፣ ከክፍያ መጠየቂያው ጋር ሰጡን። ዋጋው ያ አይደለም። ምንድነው ይሄ ስንላት፣ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሳ ያንኑ ሠንጠረዥ ከመሳቢያ አወጣች፤ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ያንኑ ርዕስ ነካ ነካ አደረገችው። «ማህበረሰቡ ይላል እኮ። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። የተማራችሁ አይደላችሁ?» አለችን። ገንዘባችንን መልሱ ስንል የደረሰኙን ግርጌ አሳየችን፦ የአገልግሎት ክፍያ ተመላሽ አይሆንም። አድሚሽን አምጥተው የለ፣ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ከኋላችን አንድ አባት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጃቸውን ካርድ በላስቲክ ይዘው ቆመዋል። «ይግቡ አባባ» አለቻቸው፣ እኛ ገና ከወንበሩ ሳንነሳ።

ለነገሩ ያ 40,000 የተከፈለበት ሥራ ፓስፖርት፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለ ትራንስክሪፕትና ፎቶ ስካን አድርጎ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ መጫን ነው። አንድ ከሰዓት አይፈጅም። ከባዱን ትተውታል፦ የእኛ ሰርተፊኬት እዚያ በዩጋንዳ ብሔራዊ የፈተና ቦርድ አቻ መገመት አለበት፤ ለዲግሪ መግቢያ አልበቃም ከተባለ የአንድ ዓመት የመሸጋገሪያ ትምህርት፣ የአንድ ዓመት ተጨማሪ ክፍያና ኪራይ ይመጣል። ስቱደንት ፓስም፣ ማለትም የተማሪ የመቆያ ፈቃዱ፣ ለብቻው ነው። ስለነዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ልጅ ልትልኩ ያሰባችሁ፣ ኢንቮይሱን በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው በኢሜይል ጠይቁ፤ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ በየትኛው ዓምድ ነው የምከፍለው?» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ክፍያውን በባንክ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ እንጂ በሰው ስም አታስገቡ። የትምህርት ክፍሉ ፈቃድ ጊዜው እንዳላለፈ የዩጋንዳ ብሔራዊ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ዝርዝር ላይ እዩ፤ ዩኒቨርሲቲው ሕጋዊ ሆኖ ፕሮግራሙ ያለፈበት ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ ደግሞ አዲስ አበባ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ይጠይቀዋል።