«ዋጋውን ባዶ ብንተወው ይቀልልሻል» አሉኝ፣ ዕቃዬንም አጠፉት

ከቢሯቸው ከወጣሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ነገ ልጻፈው ብል ይበርድልኛል፣ ከበረደልኝ ደግሞ እተወዋለሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ልጻፍ።

ዕቃ በአውሮፕላን ልካችሁ የምታውቁ ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። «እህቴ፣ አንቺ ዕቃውን ብቻ አምጪው፣ ሌላውን ለኛ ተይው» የሚሉት አስተላላፊዎች ናቸው። ካርቶኑን ያሽጋሉ፣ ይመዝናሉ፣ ወረቀቱን ይሞላሉ። የእኛ ድርሻ መክፈልና መፈረም ነው።

የላክሁት ሁለት ካሜራና አራት ሌንስ ነበር። ወንድሜ ባለበት አገር የቪዲዮ ሥራ ሊጀምርባቸው ነው። ሌንሶቹን አንድ በአንድ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ነው የገዛኋቸው። ዙሪያቸውን ስፖንጅ ተጠቅጥቆ ካርቶኑ 60 በ50 በ40 ሴንቲሜትር ሆነ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 9 ኪሎ ነው። ያስከፈሉኝ ግን የ20 ኪሎ ነው። በአየር ጭነት ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ የሚታሰበው በስፋቱ ነው፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። አሠራሩ እንደዚያ ከሆነ ብዬ ከፈልኩ። ይቺን 20 ኪሎ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ልጁ ኤርዌይ ቢሉን፣ ማለትም የአየር ጭነት ውሉን፣ አትሞ ፊቴ አስቀመጠው። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ ለጉምሩክ የሚገለጽ ዋጋ ነው። ሌላው ለአጓጓዡ የሚገለጽ ዋጋ ነው። እኔ ይህን ልዩነት አላውቅም ነበር። ኢንቮይሱን ሰጥቼዋለሁ፣ በቃ ዋጋው ታውቋል ብያለሁ።

«ዋጋው ተጽፏል አይደል?» አልኩት።

«ተጽፏል፣ ይኸው» ብሎ በእስክሪብቶው ጫፍ የጉምሩኩን ሳጥን ነካ አደረገ። አጠገቡ ባለው ሳጥን ውስጥ ግን ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ ኤን ቪ ዲ ይላል።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኩት። አዎ፣ ጠይቄዋለሁ! የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ዓይኔ አይቶታል፣ አፌ ጠይቆታል፣ ከዚያ ግን ዝም አልኩ።

«እሱ ፎርማሊቲ ነው። ዋጋ ካስገባንበት ተጨማሪ ያስከፍልሻል። ባዶ ብንተወው ይቀልልሻል፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ደሞ ኢንሹራንስ አለን፣ አታስቢ እህቴ።»

ፈረምኩ። ኤን ቪ ዲ ማለት «ዋጋው አልተገለጸም» ማለት ነው። ዕቃዬ ዋጋ እንዳልተነገረለት በገዛ እጄ ፈረምኩ ማለት ነው።

ካርቶኑ መሸጋገሪያው ኤርፖርት ደርሶ ጠፋ። አምስት ሳምንት ሙሉ «ፍለጋ ላይ ነን» አሉኝ። ዛሬ ጠርተው መጥፋቱን አመኑ። ኃላፊው ካልኩሌተር አወጣ፣ 9 በ26 አባዛና ወደኔ አዞረው። 234 ይላል።

«234 ምን?» ስለው «ኤስ ዲ አር» አለ። የአይ ኤም ኤፍ የሒሳብ መለኪያ ነው፤ ዋጋው ከአምስት ትልልቅ ገንዘቦች ተውጣጥቶ ይሰላል። በየትኛውም ገንዘብ ብትመነዝሩት ከሌንሶቼ አንዱን እንኳን አይገዛም።

«ስታስከፍሉኝ 20 ኪሎ ነበር እኮ! ካሳ ሲሆን 9 ሆነ?» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝም። «ካሳ በትክክለኛው ክብደት ነው፣ ሴትዮ። የፈረምሽውን ጀርባውን አንብቢው።» ሳስረክብ «እህቴ» ነበርኩ፣ ዛሬ «ሴትዮ» ሆንኩ።

ኢንሹራንስ አለን ብላችሁኝ ነበር አልኩ። «እሱ የኛ ነው» አለ። ለካ ኢንሹራንሳቸው የሚሸፍነው እነሱ በሕግ የሚጠየቁበትን ያህል ብቻ ነው። የእኔን ካሜራ የሚያውቅ ኢንሹራንስ አልነበረም።

ከዚያ ለማውቀው ጠበቃ ደወልኩ። እስካሁን ያናደደኝ ሳይበቃ እሱ ያለኝ ጨመረበት። አብዛኛውን ዓለም አቀፍ የአየር ጭነት የሚገዛው የእ.ኤ.አ. 1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው። በስምምነቱ መሠረት ዕቃው በአጓጓዡ እጅ እያለ ከጠፋ አጓጓዡ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳት የለብኝም። ጦርነት ወይም የአስተሻሸግ ጉድለት የመሳሰሉ ጥቂት ማምለጫዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ ተጠያቂ መሆናቸው አላከራከረንም። ችግሩ ጣሪያው ነው። ዋጋው ካልተገለጸ ለአንድ ኪሎ ከ26 ኤስ ዲ አር በላይ አይከፍሉም። መጀመሪያ 17 ነበር፣ ከፍ እያለ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ነው 26 የሆነው።

«የራሳቸው ሠራተኛ ሰርቆት ቢሆንስ?» አልኩት። ዝም አለና «ለጭነት ጣሪያው ያው ነው» አለኝ። ለመንገደኛ ሻንጣ ቢሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት ጣሪያውን ያፈርሰዋል። ለጭነት ግን አያፈርሰውም። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ባሉበት በእ.ኤ.አ. 1956ቱ የመንገድ ጭነት ስምምነት ጣሪያው ለአንድ ኪሎ 8.33 ኤስ ዲ አር ብቻ ቢሆንም ሆን ብሎ ያጠፋ አጓጓዥ በዚያ ጣሪያ አይከለልም። በመርከብ ልኬው ቢሆን ደግሞ፣ የሄግ ቪዝቢ ደንብ በሚሠራበት መስመር፣ ለአንድ ጥቅል እስከ 666.67 ኤስ ዲ አር ወይም ለአንድ ኪሎ 2፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይታሰብልኝ ነበር። ውዱን አውሮፕላን የመረጥኩት እኮ ለዕቃዬ ሰግቼ ነው!

ያቺ ሳጥን ተሞልታ፣ ጭማሪው ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ እስከተጻፈው ዋጋ ድረስ ይከፍሉኝ ነበር። ጭማሪው ስንት ነበር ብዬ ዛሬ ጠየቅኩ። ለማጓጓዣ ከከፈልኩት ያነሰ ነው። ልጁ ያኔ ይህን ቁጥር አልነገረኝም፣ እኔም ስንት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። የስድስት ዓመት ልፋት በአንዲት ሳጥን ሄደ።

ልትልኩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለአጓጓዡ የሚገለጸው ዋጋ መጻፉን ሳታዩ አትፈርሙ። ወይም በራሳችሁ ስም የጭነት ኢንሹራንስ ግቡ። «ፍለጋ ላይ ነን» ካሏችሁም ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ዕቃው መድረስ ከነበረበት ቀን ሰባት ቀን ካለፈ ተቀባዩ መብቱን መጠየቅ ይችላል። ክስ የሚቻለው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት።

ዛሬም ልወጣ ስል ወረቀት አቀረቡልኝ። «ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ይላል። እስክሪብቶውን ያቀበለኝ ያው ልጅ ነው። የምፈርምበትን ቦታ በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጋ» አለኝ። አልፈረምኩም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት፣ ነገ ጠዋት ጠበቃው ጋ ይዤው እሄዳለሁ።