ሚሊኒየም አዳራሽ ኮንሰርት ለምትሄዱ፣ ከአንዲት ዲያስፖራ

ስለ ሚሊኒየም አዳራሽ አስተያየት ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። አዳራሹ የሚከራይ ነው። አንድ ቀን ኮንሰርት፣ በበዓል ሰሞን ባዛር፣ ሌላ ቀን ስብሰባ ያስተናግዳል። ስለዚህ ኮንሰርት ባየሁበት ምሽት ያገኘሁት መስተንግዶ ግማሹ የአዳራሹ፣ ግማሹ የተከራዩት አዘጋጆች ነው። ሁለቱን ሳልለይ ብጽፍ አንዱን መበደል ይሆናል።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እዚያ መሀል ከተማ ያለው ካፒታል ዋን አሬና እ.ኤ.አ. በ1997 ከተከፈተ ጀምሮ ቋሚ ነዋሪዎች አሉት። አንዱ የቅርጫት ኳሱ ዊዛርድስ፣ ሌላው የበረዶ ሆኪው ካፒታልስ ነው። በረዶው ሳይነሳ ከላዩ ወለል ይነጠፍና ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ መድረክ ይተከልና ኮንሰርት ይሆናል። መቀመጫው ቋሚ፣ ሠራተኛው ቋሚ ነው። የባቡር ጣቢያው ደግሞ ከሥሩ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ማንም ይዝፈን ማን፣ በሩ ላይ የሚጠብቃችሁ ሥርዓት ያው ነው።

የቦሌው አዳራሻችን ታሪኩ ሌላ ነው። የተሠራው ለሚሊኒየሙ በዓል፣ 2000 ዓ.ም.ን ለመቀበል ነው። በዚያው ዓመት ብላክ አይድ ፒስም ቢዮንሴም ሥራቸውን አቅርበውበታል። ሐምሌ 2010 ኢሳያስ አፈወርቂ አዲስ አበባ ሲመጡ ያ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበው እዚሁ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣና አልጋ ተደርድሮበት የሕሙማን ማዕከል ሆነ። ስንት አዳራሽ ነው እንዲህ ያለ የሥራ ልምድ ያለው?

ወደ ምሽቱ ልግባ። ትኬቱን የእህቴ ልጅ በስልኩ ነው የገዛልኝ። አሁን ከተማው ውስጥ ብዙ ነገር በስልክ መክፈያው በቴሌብር ሆኗል፤ ቁልቋሉን ሳይቀር የሚሸጥላችሁ ሰው ቁጥር ይሰጣችኋል። ከውጭ የምትመጡ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራችሁ ሲም ካርድ ማውጣት ይሁን። ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋውን በተመለከተ ግን እኛ ዲያስፖራዎች "ርካሽ ነው" እያልን ባናወራ ይሻላል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ ዶላር ለያዘ ሰው ቪአይፒው ራሱ አይከብድም። በብር ደመወዝ ለሚኖር ወጣት ግን መደበኛው ትኬት ራሱ የሳምንት ሒሳብ ያናጋል። ከፊት ያሉት ወንበሮች ላይ አሜሪካንኛ የሚቀላቅል ሰው የበዛው ወድዶ አይደለም።

ፍተሻው ጥሩ ነው። ሴቶች በአንድ፣ ወንዶች በሌላ መስመር። የፈተሸችኝ ልጅ "እህቴ፣ ሽቶ ይዘሻል? ላይተር?" ብላ በትሕትና ጠይቃ፣ ቦርሳዬን ራሴ እንድከፍት አድርጋ አሳለፈችኝ። የዲሲዎቹ ጠባቂዎች እንዲህ ያለ ፈገግታ የላቸውም።

ውስጥ ስትገቡ ስፋቱ ያስደነግጣል። መሀሉ ላይ ምሰሶ የለም፤ ወለሉም ሜዳ ነው። ይኼ ለባዛር ግሩም ነው፤ ለኮንሰርት ግን እንደ እኔ ቁመቱ አጠር ላለ ሰው ፈተና አለው። ከኋላ ከሆናችሁ ዘፋኙን የምታዩት ከፊታችሁ ባለው ሰው ስልክ ውስጥ ነው። አዘጋጆቹ ጎንና ጎን ትልልቅ ስክሪን ካቆሙ ችግሩ ይቀላል። የእኛዎቹ አቁመው ነበር፤ ለዚህ አመሰግናለሁ።

የማላመሰግነው ሰዓቱን ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት አልፎ፣ ሌላ ሰዓት አልፎ፣ ዲጄው አንዱን ዘፈን ደጋግሞ አጫውቶ፣ መድረኩ ባዶ ነው። "ይሄኔ ዲሲ ብንሆን..." ማለት ስጀምር የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ። "አክስቴ፣ ሰው እኮ ገና እየበላ ነው፤ አሁን ማን ይመጣል?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አዳራሹ የሞላው ከዚያ በኋላ ነው። አዘጋጁ ሕዝቡ ያረፍዳል ብሎ ያዘገያል፣ ሕዝቡ አዘጋጁ ያዘገያል ብሎ ያረፍዳል። እስከዚያ ድረስ በሰዓቱ የመጣ ሰው ውኃውን በውድ እየገዛ ይቆማል። አንድ ቃል ይቅርታ ከመድረክ ቢባል ምን ነበረበት?

ባንዱ ሲጀምር ግን ሁሉም ተረሳ። ጉራጌኛው ላይ አዳራሹ ተቀወጠ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጣቶቹን አስናቋቸው።

አንድ የጎደለ ነገር አለ ካላችሁኝ ስፖርቱ ነው። በእኔ ዘመን ሰው መሀል ከተማ ሲሰበሰብ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው አዲስ አበባ ስታዲየም ነበር ቦታው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን የወሰድነው እዚያ ነው። መቀመጫዎቹ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ ይባላሉ። እነዚህን ስሞች ሕዝቡ ነው ያወጣቸው፤ ሰው "የት ነው የምትቀመጠው?" ሲባል ኪሱም ጠባዩም በአንዴ ይታወቅ ነበር። ሚሊኒየም ውስጥ ያለው "ቪአይፒ" እና "ቪቪአይፒ" ብቻ ነው። ምን ዓይነት ድርቅ ያለ ስም ነው!

ስታዲየሙ በትራንስፖርትም ይበልጣል። ቀላል ባቡሩ በስሙ የተጠራ ጣቢያ አለው፤ ሁለቱም መስመሮች ያልፉበታል። ወደ ሚሊኒየም አዳራሽ ግን ባቡር የለም። ሲሄዱ ችግር የለውም፤ ከመስቀል አደባባይ "ቦሌ! ቦሌ!" የሚል ወያላ አይጠፋም። ጣጣው ሌሊት መመለሻው ላይ ነው። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይወጣል። በር ላይ የቆሙት የኮንትራት ታክሲዎች ዋጋ የሚጠሩት ፊታችሁን አይተው ነው። የእኔ ፊት ደግሞ ከሩቅ ዲያስፖራ ይላል። ስለዚህ ከበሩ ራቅ በሉና፣ ብርሃን ያለበት ካፌ ወይም ሆቴል ደጃፍ ላይ ሆናችሁ ታክሲ በስልክ ጥሩ። አፕ ባይኖራችሁ የታክሲ አገልግሎቶቹን፣ ራይድን በ8294፣ ፈረስን በ6090 ደውላችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። እኛ እንዲያ አድርገን ብዙ ሳንጠብቅ መኪና አገኘን።

ኮንሰርት የማትወዱ ከሆነ ለበዓል ባዛሩ ሂዱ። ጠዋት ግቡ፣ ልጆቹን ቤት ትታችሁ። ከሰዓት በኋላ መተላለፊያውም ይጠባል፣ ሻጩም ለመከራከር ትዕግሥት የለውም።