«ስላሎም» ተብለው በቅናሽ ስለሚሸጡ የካርቪንግ ስኪዎች፦ ለገዢዎች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

በማሽን በተደለደለ ጠንካራ የበረዶ ቁልቁለት ላይ አጫጭር መታጠፊያ እየሠሩ ለመውረድ የካርቪንግ ስኪ (በጠርዙ በረዶውን እየቀረጸ የሚታጠፍ ስኪ) ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ የበረዶው ወቅት ሊያበቃ ሲል «የውድድር ስላሎም፣ ራዲየስ 12 ሜትር፣ ከነማሰሪያው፣ በታላቅ ቅናሽ» እያሉ ከሚወጡ ማስታወቂያዎች እንድትጠነቀቁ ይህን ጽፌአለሁ። ስላሎም በተቀራረቡ ምሰሶዎች መካከል በአጫጭር መታጠፊያ የሚወረድበት የስኪ ውድድር ሲሆን፣ ማሰሪያ ደግሞ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው መሣሪያ ነው። በእነዚህ ማስታወቂያዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ግልጽ ውሸት አይገኝም፤ የሚደረገው ስለ አንዱ ስኪ የሚነገረውን እውነት ሌላውን ስኪ ለመሸጥ መጠቀም ነው፤ ገዢው የሚጎዳውም በዚሁ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ራዲየስ የሞዴሉ ሳይሆን የእያንዳንዱ ርዝመት ቁጥር መሆኑ ነው። ስኪ ጫፉና ጭራው ሰፊ፣ ወገቡ ጠባብ ሆኖ ስለሚሠራ ጎኑ ቅስት ይኖረዋል፤ ያ ቅስት ተቀጥሎ ሙሉ ክብ ቢሆን ከክቡ መሐል እስከ ዳር ስንት ሜትር እንደሚሆን የሚነግረን ይህ ቁጥር ነው። ስፋቶቹ እምብዛም ሳይለወጡ ርዝመቱ ብቻ ሲጨምር ቅስቱ ይለጠጣል፣ ራዲየሱም ያድጋል። በ155 ሳንቲሜትር ላይ 12 ሜትር የነበረው በ175 ሳንቲሜትር ላይ 15 ሜትር ገደማ ይሆናል። በወቅቱ ማብቂያ መደርደሪያ ላይ የሚቀሩት ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈልጋቸው መካከለኛ ርዝመቶች ሳይሆኑ በጣም ረጃጅሞቹና በጣም አጫጭሮቹ ናቸው። ማስታወቂያው የአጭሩን ራዲየስ ይጠቅሳል፤ በቅናሽ የሚሰጣችሁ ግን ረጅሙ ነው።

የሦስት ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል፤ በቁልቁለቱ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ስኪው በጠርዙ ሲያጋድልና በሰውነታችን ክብደት ሲጎብጥ፣ በበረዶው ላይ የሚቀርጸው መስመር ከተጻፈበት ራዲየስ ያጥራል፤ በጠንካራ በረዶ ላይ ይህ መጠን በግምት ራዲየሱ በማጋደያው ማዕዘን ኮሳይን ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ባለ 12 ሜትሩ ስኪ በ45 ዲግሪ ሲያጋድል 8 ሜትር ተኩል ያህል ራዲየስ ያለው መታጠፊያ ይሠራል። ባለ 15 ሜትሩ ይህንኑ መታጠፊያ እንዲሠራ ወደ 56 ዲግሪ መጋደል አለበት። በመዝናኛ ደረጃ ለሚንሸራተት ሰው በእነዚህ ሁለት ማዕዘኖች መካከል ያለው ርቀት የብዙ ዓመት ልምምድ ነው። ማዕዘኑ ላይ መድረስ ያልቻለ ሰው የስኪውን ጭራ በእግሩ እየገፋ ማንሸራተት ይጀምራል፣ የተቀረጸው መስመር ይጠፋል፣ ጭኑም ቶሎ ይዝላል። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ ጥፋቱ የስኪው ርዝመት ሆኖ ሳለ ብዙዎች ችሎታቸውን መጠራጠራቸው ነው። አንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ሻጩም ሲጠየቅ «የሞዴሉ ራዲየስ ይኸው ነው» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም።

መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ሳያደርጉት መግዛት አይገባም። በስኪው ላይኛው ገጽ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጭራው ቀረብ ብሎ፣ የዚያ ጥንድ ርዝመት፣ በሚሊሜትር የተለኩ የጫፍ፣ የወገብና የጭራ ስፋቶች እንዲሁም ራዲየሱ ታትመው ይገኛሉ። በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ ሻጩ የዚህን ጽሑፍ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ የማይልክ ከሆነ ግዢውን ተዉት። ለአጫጭር መታጠፊያ በምትገዙት ርዝመት ላይ ራዲየሱ ከ11 እስከ 14 ሜትር፣ ወገቡ ደግሞ ከ65 እስከ 70 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠባብ ወገብ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቶሎ ለመሻገር ይረዳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀለሙ ነው። አምራቾች ለውድድር የሚሠሩትን ስኪና ለጀማሪ የሚሠሩትን ስኪ በአንድ ዓይነት ቀለምና በተቀራረበ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነው። የመጀመሪያው ከውስጡ የእንጨት እምብርትና ቲታናል የሚባለው የአሉሚኒየም ውህድ ንጣፎች ሲኖሩት፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ እምብርት ያለውና የብረት ንጣፍ የሌለው ነው። ንጣፉ የሚፈለገው ስኪው እንዳይጠመዘዝ ነው፤ የሚጠመዘዝ ስኪ ጠርዙ በጠንካራ በረዶ ላይ ሳይነክስ ጫፉ ያመልጣል፣ ራዲየሱ ትክክል ቢሆን እንኳ አጭር መታጠፊያ አይሠራም። ስለዚህ ከስሙ በኋላ የሚከተሉትን ፊደላትና ቁጥሮች ሳትዘሉ ሙሉ የሞዴሉን ስም ያዙና በአምራቹ የዚያ ዓመት ካታሎግ ላይ የውስጥ አሠራሩን አንብቡ። በግልባጩ ደግሞ በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ የተሠራ የጃይንት ስላሎም (መታጠፊያዎቹ ከስላሎም የሰፉ ውድድር) ስኪ «የውድድር ካርቪንግ» ተብሎ ሲሸጥ ታያላችሁ፤ የዚህ ስኪ ራዲየስ ለአዋቂዎች 30 ሜትር በመሆኑ በ60 ዲግሪ ቢያጋድል እንኳ ከ15 ሜትር በታች አይታጠፍም። ጥራቱ የሚያጠያይቅ አይደለም፤ ለዚህ ዓላማ ግን አይሆንም።

ያገለገለ ወይም ከኪራይ የወጣ ጥንድ ከሆነ ገልብጣችሁ እዩት። የብረት ጠርዙ በተሳለ ቁጥር ስለሚያልቅ፣ ከአዲስ ስኪ ጠርዝ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ የቀጠነውን አትግዙ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በታችኛው ገጽ ላይ አግድም አስቀምጡና በብርሃን አቅጣጫ ተመልከቱ፤ መሐሉ ጎድጉዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ጠርዞቹ ከፍ ብለው በረዶውን ያለ ፈቃዳችሁ ይይዛሉ።

ማሰሪያውን በተመለከተ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ስላለ በተለይ አሳስባለሁ። ማሰሪያው ስንወድቅ ጫማውን የሚለቅበት መጠን በዲን ቁጥር የሚስተካከል ሲሆን፣ ቁጥሩ ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጫማው ሶል ርዝመትና ከችሎታ ተሰልቶ ይወጣል። የውድድር ማሰሪያዎች ዝቅተኛው ቁጥር 6 ወይም 8 የሆነባቸው ብዙ ናቸው፤ ስሌቱ 5 የሚያወጣለት ክብደቱ ቀላል የሆነ ሰው እንዲህ ባለ ማሰሪያ ሲወድቅ ማሰሪያው ሳይለቅ ጉልበቱን ሊጎዳው ይችላል። የጫማውም ሶል መታየት አለበት፤ በአይኤስኦ 5355 ደረጃ ለተሠራ ጠፍጣፋ ሶል ብቻ የተዘጋጀ አሮጌ ማሰሪያ፣ ግሪፕዎክ የሚባለውን ጎበጥ ያለ ሶል በትክክል አይለቅም። ደግሞም አምራቹ ድጋፉን ያቋረጠበትን ማሰሪያ ብዙ የጥገና ቤቶች ለማስተካከል ፈቃደኞች አይሆኑም፤ ያኔ «ከነማሰሪያው» የተባለው ቅናሽ ሌላ ማሰሪያ በመግዛት ይጠፋል።

ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ማሰሪያው ገና ያልተገጠመ ጥንድ ሳይበሳ በፊት ቁጥሮቹን ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩ፣ የማስታወቂያውንም ቅጂ አስቀምጡ፤ አንዴ ለማሰሪያ የተበሳን ስኪ መልሶ የሚቀበል ሻጭ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።